ኦክቶፐስ ዓሣ ነውን?

በጥር ወር አንድ ማታ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ደብተሩን ታቅፎ ወደ እኔ መጣና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ኦክቶፐስ ዓሣ ነው ወይስ ሌላ ነገር?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላኝ በመሆኔ፣ «አላውቅም» ማለት ከማዕረጌ የሚያወርደኝ መስሎኝ፣ ከማነበው ነገር ላይ ቀና እንኳ ሳልል፣ «በባሕር ውስጥ የሚኖር ከሆነ ዓሣ ነዋ!» ብዬ መለስሁለት። ልጁም አመነኝ። በማግሥቱ ይህንኑ መልስ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ ተናገረ፤ ጓደኞቹም ሲስቁበት ዋሉ። የተሳሳትሁት እኔ፣ የተሳቀበት ግን እርሱ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በከፊል የዕዳ መክፈያ ነው። ነገሩን ከመጻሕፍት ስመረምር ግን ጥያቄው እኔ ካሰብሁት ይልቅ እጅግ የሰፋ ሆኖ አገኘሁት። ኦክቶፐስን በትክክለኛ ቦታው ለማስቀመጥ ሊቃውንት ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ በመካከሉም ታላላቆቹ ሳይቀሩ ተሳስተዋል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የኦክቶፐስንና የዘመዶቹን ስም ግን ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎችም በመሆናቸው አንዳንዱን ስም አሳምረው፣ አንዳንዱንም አበላሽተው አውጥተውታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ፍጥረቱ ምን ዓይነት ነው?

ኦክቶፐስ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ስምንት እግር» ማለት ነው። አጥንት የሚባል ነገር የለውም። በስምንቱ እጆቹ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ መጣበቂያ ጽዋዎች የያዙትን አይለቁም። አፉ በእጆቹ መካከል ሲሆን፣ በውስጡም የበቀቀን ምንቃር የመሰለ ጠንካራ ምንቃር አለ። ከመላ አካሉ ጠንካራው ነገር ይህ ምንቃር ስለሆነ፣ ምንቃሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከተገኘ ሌላው አካሉ ተጨምቆ ይከተላል። ልቡ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ደሙን ወደ መተንፈሻው ሲልኩ፣ ሦስተኛው ወደ ቀረው አካል ያሰራጫል። ደሙም እንደኛ ደም ብረት ሳይሆን መዳብ ያለበት በመሆኑ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። የተራው ኦክቶፐስ የነርቭ ሕዋሳት ወደ 500 ሚሊዮን የሚደርሱ ሲሆን፣ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው በአንጎሉ ሳይሆን በእጆቹ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «ታዲያ ይህ ፍጥረት የማን ዘመድ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። በክረምት ዝናብ ጊዜ በአጥራችን ሥር ዛጎሉን ተሸክሞ የሚጐተተው ቀንድ አውጣ ለኦክቶፐስ ዘመዱ ነው። ዓሣ ግን ዘመዱ አይደለም፤ እንዲያውም የጀርባ አጥንት ስላለው ዓሣ ለኦክቶፐስ ከሚቀርበው ይልቅ ለእኔና ለአንባቢ ይቀርባል። ወንድሜ በክፍል የተናገረው መልስ ምን ያህል የራቀ እንደ ነበረ ከዚህ ላይ ይታያል።

ከአርስጣጣሊስ እስከ ሊኔዎስ

በኛ ጥንታዊ መጻሕፍት አርስጣጣሊስ እየተባለ የሚጠራው የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ኦክቶፐስን፣ ስኩዊድንና ሴፒያን በአንድነት መድቦ «ለስላሶቹ» ሲል ሰየማቸው። ቀይ ደም የሌላቸውን እንስሳት በአራት ታላላቅ ክፍሎች ሲከፍል፣ እነዚህን ከሸርጣኖች፣ ዛጎል ከለበሱትና ከነፍሳት ለይቶ ለብቻቸው አቆማቸው። ዓሣ አላላቸውም። ይሁን እንጂ ይኸው ታላቅ ሰው ኦክቶፐስን ሞኝ ነው ሲል ጽፎአል፤ ምክንያቱም ሰው እጁን ወደ ውኃ ቢሰድድ ኦክቶፐሱ ሳይሸሽ ወደ እጁ ይቀርባል የሚል ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች ያንኑ መቅረብ የሞኝነት ሳይሆን ነገርን የመመርመር ጠባይ ምልክት ያደርጉታል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ የስዊድኑ ተወላጅ ካርል ሊኔዎስ ተነሣ። ይህ ሰው ለእያንዳንዱ ፍጥረት በላቲን ቋንቋ ሁለት ስም፣ ይኸውም የወገኑንና የዝርያውን ስም የመስጠትን ደንብ ያጸና ነው። የእንስሳት ስም አሰጣጥ መነሻ የሆነው መጽሐፉ አሥረኛው እትም በ1758 ታተመ። በዚህ በተከበረ መዝገብ ውስጥ ግን ኦክቶፐስ የተጻፈው የት ነው? በትሎች ክፍል! ሊኔዎስ አከርካሪ የሌላቸውን ፍጥረታት ነፍሳትና መሰሎቻቸው ሲቀሩ ሌሎቹን ሁሉ «ትሎች» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተታቸው። ኦክቶፐስንና ስኩዊድንም «ሴፒያ» በሚለው ወገን ሥር ሲያስገባ፣ ዘመዳቸውን ናውቲለስን ዛጎል ስላለው ብቻ ለይቶ ከሌሎች ዛጎል ለባሾች ጋር አኖረው። አሪስቶትል በለስላሳነታቸው ያሰባሰባቸውን፣ ሊኔዎስ በልብሳቸው በታተናቸው ማለት ነው።

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። የት እንደሚገባ ያልታወቀ ወረቀት ሁሉ «ልዩ ልዩ» በሚል ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ያ ፋይልም እየወፈረ ይሄዳል። የሊኔዎስ «ትሎች» እንደዚህ ያለ ፋይል ነበር።

ኩቪዬና ትል የተባለው ክንድ

ይህን የወፈረ ፋይል ፈትቶ ያስተካከለው ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ነው። ኩቪዬ እንስሳትን በውጭ መልካቸው ከመፍረድ ይልቅ ቢላዋውን ይዞ ውስጣቸውን መረመረ፤ ልባቸውን፣ ነርቫቸውን፣ መተንፈሻቸውን አነጻጸረ። በ1797 ዛሬም የምንጠቀምበትን «ሴፋሎፖዳ» የሚለውን ስም አወጣ፤ ትርጉሙም «ራሰ እግር» እንደ ማለት ሲሆን፣ እግሮቻቸው በቀጥታ ከራሳቸው ላይ የበቀሉ በመሆናቸው የተሰጠ ነው። «ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ»፣ ማለት «ተራው ኦክቶፐስ» የሚለው ስምም የእርሱ ነው። ቀጥሎም ሞሉስካ፣ ማለት ለስላሳ አካል ያላቸው ፍጥረታት፣ ከትሎች የተለዩ አንድ ታላቅ ክፍል መሆናቸውን አስረዳ።

በ1830 ደግሞ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው ሴፒያ ወደ ኋላ ታጥፎ መቀመጫው ከማጅራቱ የተገናኘ አከርካሪ ያለው እንስሳ ይመስላል የሚል ነበር። ዦፍሯ ሴንት ሂሌር የተባለው ስመ ጥር ሊቅ ሐሳቡን ደግፎ የእንስሳት ሁሉ አሠራር አንድ ነው ሲል፣ ኩቪዬ ሥዕሎቹን ይዞ ቀረበና የአካል ክፍሎቹ አቀማመጥ እንደማይገጥም አሳየ። ክርክሩም አውሮፓን ሁሉ አነጋገረ። በዚያው ዓመት በፓሪስ አብዮት በተነሣ ጊዜ እንኳ፣ ሽማግሌው የጀርመን ገጣሚ ጐተ ከአብዮቱ ይልቅ ስለዚህ ክርክር ይጨነቅ እንደ ነበር ተጽፎለታል።

ነገር ግን ኩቪዬም ቢሆን ከስሕተት አላመለጠም። በ1829 ከአንዲት የኦክቶፐስ ወገን ከሆነች እንስት አካል ውስጥ የተገኘ፣ ብዙ መጣበቂያ ጽዋዎች ያሉበት፣ ረጅምና የሚንቀሳቀስ ነገር ደረሰው። እርሱም በእንስቲቱ ላይ ተጣብቆ የሚኖር አዲስ ጥገኛ ትል ነው ብሎ «ሄክቶኮታይለስ»፣ ማለት «መቶ ጽዋ» የሚል ስም ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት «ትል አይደለም፣ ራሱ ወንዱ ነው» አሉ። እውነቱ ከሁለቱም ወጥቶ ተገኘ። ሃይንሪሕ ሙለር የተባለ ጀርመናዊ በ1853 አርጎናውታ የተባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ ወንዱን በገለጸ ጊዜ፣ ያ «ትል» የወንዱ አንድ ክንድ መሆኑ ታወቀ። ወንዱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ዘሩን የተሸከመው ክንዱ ከአካሉ ተቆርጦ በእንስቲቱ ውስጥ ይቀራል፤ ተቆርጦም እንኳ ይንቀሳቀሳል። ስሙ ግን አልተሰረዘም። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ክንድ በመጻሕፍት ውስጥ ሄክቶኮታይለስ እየተባለ ይጠራል። ስሕተቱ ታርሞ ስሙ የስሕተቱ መታሰቢያ ሆኖ ቀረ።

የኦክቶፐስ አድራሻ

ምደባ ማለት አድራሻ መስጠት ነው። ለአንድ ሰው ደብዳቤ ስንጽፍ ክልሉን፣ ዞኑን፣ ወረዳውን፣ ቀበሌውንና የቤቱን ቁጥር እያልን ከሰፊው ወደ ጠባቡ እንደምንወርድ፣ ሊቃውንትም እንዲሁ ያደርጋሉ። የተራው ኦክቶፐስ አድራሻ እንዲህ ነው፦ ስፍኑ እንስሳት፣ ክፍለ ስፍኑ ሞሉስካ፣ መደቡ ሴፋሎፖዳ፣ ክፍለ መደቡ ኦክቶፖዳ፣ አስተኔው ኦክቶፖዲዴ፣ ወገኑ ኦክቶፐስ፣ ዝርያው ቩልጋሪስ። በሞሉስካ ውስጥ ከ70 ሺሕ የሚበልጡ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በሕይወት ያሉት ራሰ እግሮች ወደ 800 ያህል ሲሆኑ፣ ከነዚህ ውስጥ 300 የሚያህሉት ኦክቶፐሶች ናቸው።

የራሰ እግሮች መደብ በመጀመሪያ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዛጎሉን በውጭ የለበሰው ናውቲለስ ነው። ናውቲለስ 90 የሚያህሉ ቀጫጭን እጆች አሉት፤ ዓይኑ ሌንስ የሌለው፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ክፍል ዛጎሉን ወደ ውስጥ ያስገባ ወይም ፈጽሞ የጣለ ነው። ሴፒያ በጀርባው ውስጥ ነጭና ቀላል የዛጎል ቅሪት አለው፤ ይኸውም በቤት ለሚረቡ ወፎች ምንቃር መሳያ ተብሎ በገበያ የሚሸጠው ነው። ስኩዊድ እንደ ብዕር የቀጠነ ዘንግ ብቻ ቀርቶታል። በብዙዎቹ ኦክቶፐሶች ደግሞ ሁለት ትናንሽ ስንጥሮች ብቻ ቀርተዋል፤ በአንዳንዶቹም ጨርሶ የለም።

ይህ ሁለተኛው ክፍል እንደ ገና በሁለት ይከፈላል። ሴፒያና ስኩዊድ ከስምንት እጆቻቸው ሌላ አደን የሚይዙባቸው ሁለት ረጃጅም እጆች ስላሏቸው «ባለ አሥሮቹ» ናቸው። በሌላው ወገን ኦክቶፐስና አንድ ብቸኛ ዘመዱ ይገኛሉ።

ስለዚህ ብቸኛ ዘመድ ጥቂት መናገር ይገባል። ቫልዲቪያ የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብ በ1898 እና በ1899 የጥልቅ ባሕርን ፍጥረታት ስትሰበስብ፣ አንድ ጥቁር፣ በእጆቹ መካከል እንደ ካባ የተዘረጋ ቆዳ ያለው ፍጥረት ተገኘ። ካርል ኩን የተባለው መሪዋ በ1903 «ቫምፒሮቴውቲስ ኢንፈርናሊስ»፣ ማለት «የሲኦሉ ደም መጣጭ ስኩዊድ» ብሎ ሰየመው፤ ምንም እንኳ በስሙ ስኩዊድ ቢለው የመደበው ግን ከኦክቶፐሶች ጋር ነበር። ከዚያም በኋላ በየባሕሩ በተያዘ ቁጥር አዲስ ፍጥረት እየመሰላቸው ብዙ ሊቃውንት ብዙ ስም አወጡለት። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ግሬስ ፒክፎርድ ናሙናዎቹን በትዕግሥት ካነጻጸረች በኋላ ሁሉም አንድ ዝርያ መሆናቸውን አስረዳች፤ ኦክቶፐስም ስኩዊድም ስላልሆነ በ1939 የራሱን ክፍለ መደብ ሰጠችው። ስምንት እጆችና ወደ ኪስ የሚሰበሰቡ ሁለት ክር መሰል ነገሮች አሉት፤ እነዚህም ክሮች ከጥንት አሥር እጆች የሁለቱ ቅሪት ናቸው ተብሎ ይታመናል። በ2012 በወጣ ጥናት ደግሞ ምግቡ ከላይ የሚዘንበው የሞቱ ነገሮች ርጋፊ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ደም አይመጥም፤ ስኩዊድ አይደለም፤ የሚኖረውም በሲኦል ሳይሆን የአየር እጥረት ባለበት ጨለማ ባሕር ውስጥ ነው። ሦስት ቃል በሆነ ስም ውስጥ ሦስት ስሕተት ተገኘበት።

ኦክቶፐሶች ራሳቸውም ሁለት ናቸው። አንዱ ክፍል በጥልቅ ባሕር የሚኖር፣ በራሱ ግራና ቀኝ ጆሮ የሚመስሉ መቅዘፊያዎችና በእጆቹ ላይ ፀጉር መሰል ነገሮች ያሉት ነው። ሁለተኛው ክፍል እነዚህ የሌሉት ሲሆን፣ ተራው ኦክቶፐስ፣ በሰሜን ፓሲፊክ ያለው ግዙፉ ኦክቶፐስ፣ መርዘኛው ባለ ሰማያዊ ቀለበትና አርጎናውታ በዚህ ውስጥ ናቸው።

መመሳሰል ዝምድና አይደለም

ተማሪ ሁሉ ከዚህ ምደባ ሊያወጣው የሚገባ ትልቁ ትምህርት፣ መመሳሰልና መዛመድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የኦክቶፐስ ዓይን እንደኛ ዓይን ሌንስና ብሌን አለው። ሆኖም በእኛ ዓይን ውስጥ የነርቮቹ ክሮች በብርሃን መቀበያው ሽፋን ፊት ለፊት ስለሚያልፉና በአንድ ቀዳዳ ስለሚወጡ በዚያ ቦታ ዕውር ነጥብ ይገኛል፤ በኦክቶፐስ ግን ክሮቹ ከሽፋኑ ኋላ ስለሆኑ ዕውር ነጥብ የለውም። ሁለቱ ዓይኖች በየራሳቸው መንገድ ሄደው አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ደረሱ እንጂ አንዱ ከሌላው አልተወረሰም።

የአርጎናውታ ዛጎልም እንዲሁ ነው። እንስቲቱ የናውቲለስን የሚመስል ስስና ነጭ ዛጎል ይዛ ስለምትገኝ፣ ለብዙ ዘመን ሰዎች «ከሌላ ፍጥረት ሰርቃ ነው» ይሉ ነበር። በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ትኖር የነበረች ዣን ቪልፕሬ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በ1830ዎቹ የብርጭቆ የውኃ ሣጥኖች አሠርታ እንስሳቱን በሕይወታቸው ተከታተለች። ዛጎላቸውን ሰብራ ስታይ እንስቶቹ በራሳቸው እጅ ሲጠግኑት አየች። ስለዚህ ሌባ ስትባል የኖረችው አርጎናውታ ነጻ ወጣች። ዛጎሉም እንደ ናውቲለስ ዛጎል የአካል ክፍል ሳይሆን ዕንቁላሎቿን የምትይዝበት ዕቃ ነው።

ከዚህ ላይ ለአገራችን ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በትግራይ በመቀሌ ዙሪያ የሚታየው፣ እንግሊዛዊው የመሬት ጥናት ሊቅ ብላንፎርድ በ1870 ሕንጣሎ በተባለችው ስፍራ ስም «አንታሎ» ብሎ የሰየመው የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አገሩን ሸፍኖት ከነበረ ባሕር የተረፈ ነው። በውስጡም ከተገኙት ቅሪተ አካላት መካከል አሞናይት የሚባሉት እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለሉ ዛጎሎች አሉ። ያያቸው ሁሉ «የናውቲለስ ወገን ናቸው» ይላል። ሊቃውንት ግን በውስጥ አሠራራቸው ከናውቲለስ ይልቅ ለኦክቶፐስና ለስኩዊድ ይቀርባሉ ይላሉ። እነዚህ ዘመዶች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከዳይኖሶሮች ጋር በአንድ ዘመን ጠፉ።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ለስላሳ አካል ቶሎ ስለሚበሰብስ የኦክቶፐስ ቅሪተ አካል ብርቅ ነው። በ2022 ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በሞንታና የተገኘ፣ 328 ሚሊዮን ዓመት የሆነውን አንድ ባለ አሥር እጅ ቅሪተ አካል የኦክቶፐስ ወገን ጥንታዊ አባት ነው ብለው በፕሬዚዳንት ባይደን ስም ሲሰይሙት፣ ሌሎች ደግሞ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ፍጥረት ነው ሲሉ ተቃወሙ። በ2015 የአንድ ኦክቶፐስ ዘረ መል ሙሉ በሙሉ በተነበበ ጊዜም 33 ሺሕ ያህል ጂኖች ተገኙበት፤ የሰው ወደ 20 ሺሕ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጸሐፊዎች ኦክቶፐስ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው እስከ ማለት ደረሱ። ዘረ መሉ የሚመሰክረው ግን ያንኑ ኩቪዬ በቢላዋ ያገኘውን ነው፤ ኦክቶፐስ ሞሉስካ ነው፣ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው።

ስም በሕግ ፊት

«ይህ ሁሉ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ የሚከተለውን ላቅርብለት።

በብሪታንያ በ1986 በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ሳይንሳዊ ሙከራ የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። ሕጉ የሚጠብቀው አከርካሪ ያላቸውን ብቻ ነበር። በ1993 ግን ኦክቶፐስም ሕመም ይሰማዋል ተብሎ በማሻሻያ ተጨመረ። የተጨመረው ግን «ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ» የሚል የአንድ ዝርያ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተመራማሪ በተራው ኦክቶፐስ ላይ ቢላዋ ለማንሣት ፈቃድ ሲያስፈልገው፣ በሌላው ኦክቶፐስ ወይም በሴፒያ ላይ ለማንሣት ግን ያ ሕግ አያግደውም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ያ «ተራ» የተባለው ኦክቶፐስ ከሜዲትራኒያን እስከ ጃፓን፣ ከአፍሪካ እስከ ብራዚል አንድ ዝርያ መስሎ ይታይ ነበር። ዘረ መልና አካል በጥንቃቄ ሲመረመር ግን አንድ አይደለም። የብራዚሉ በ2008 ተለይቶ አዲስ ስም ተሰጠው፤ የጃፓኑና የቻይናው ደግሞ በ2016 ጥናት «ኦክቶፐስ ሲኔንሲስ» የሚለው የ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ ተመለሰለት። እንግዲህ ሕግ አርቃቂው የጻፈው ስም ሳይለወጥ፣ በስሙ ሥር የሚጠለሉት ፍጥረታት ቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ ይህን ጉድለት አስወገደ፤ ዝርያን በዝርያ ከመጥራት ይልቅ በሕይወት ያሉትን ራሰ እግሮች በሙሉ ጠቀሰ። ብሪታንያም በ2012 ሕጓን በዚሁ መንገድ አስተካከለች፤ በ2022 ስለ እንስሳት ስሜት ባወጣችው ሕግም መላውን መደብ አካተተች። አንድ ቃል ከምደባው መሰላል ላይ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ መጻፉ፣ ማን እንደሚጠበቅና ማን እንደሚተው የሚወስን ሆነ።

በአሣ አስጋሪ ዘንድም ነገሩ ቀላል አይደለም። በሜክሲኮ በዩካታን ባሕር የሚያዘው ኦክቶፐስ በ1966 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ታውቆ «ኦክቶፐስ ማያ» ተባለ። የተራው ኦክቶፐስ እናት ከ100 ሺሕ በላይ ጥቃቅን ዕንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩቶቹም በባሕር ሞገድ ተወስደው ሩቅ ይበተናሉ። የማያ ዕንቁላል ግን ትልልቅና ጥቂት ነው፤ ጫጩቶቹም እንደ ተፈለፈሉ በዚያው ወለል ላይ መኖር ይጀምራሉ። ስለዚህ በአንድ ስፍራ ማያ ተጠርጎ ቢያዝ ከሩቅ መጥቶ የሚተካው የለም። ሁለቱን በአንድ ስም የሚመዘግብ ሹም፣ አንደኛው እያለቀ መሆኑን መዝገቡ አይነግረውም።

በሰው ሕይወትም ላይ የሚደርስ ጉዳይ አለ። በአውስትራሊያና በአካባቢው ባሕር የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ቀለበት ኦክቶፐስ ከመዳፍ አይበልጥም፤ መልኩም ያማረ ነው። ንክሻው ግን የመተንፈሻ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ ማርከሻም እስካሁን አልተገኘለትም። የተነከሰ ሰው የሚድነው መርዙ እስኪያልፍለት ድረስ ትንፋሽ እየተሰጠው ከቆየ ነው። «ይህ ያው ትንሽ ኦክቶፐስ ነው» ብሎ በእጅ ማንሣትና ወገኑን ለይቶ አውቆ መተው የሞትና የሕይወት ልዩነት አላቸው።

የዕዳው መጨረሻ

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ታናሽ ወንድሜን ጠርቼ፣ «ያን ዕለት የነገርሁህ ስሕተት ነው፤ ሳላውቅ የማውቅ መስዬ ነው የመለስሁልህ» አልሁት። ሊኔዎስን ስለ ትሎቹ፣ ኩቪዬን ስለ ክንዱ፣ ኩንን ስለ ሲኦሉ አጫወትሁት። እርሱም ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ፣ «ታዲያ ወንድም ጋሼ፣ የአሁኑም መልስ ነገ ይለወጥ ይሆን?» አለኝ።

«ወደ ዓሣነት አይመለስም» አልሁት። «ሞሉስካ መሆኑ በአካሉም፣ በዘረ መሉም ተመስክሮለታል። የዝርያዎቹ ቁጥርና የጥንት አባቶቹ ነገር ግን ሊለወጥ ይችላል።»

ልጁም ጥቂት አሰበና ደብተሩን ገልጦ ሞሉስካ የሚለውን በብዕር፣ የቀረውን በእርሳስ ጻፈው። እኔም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ለምንይዝ ወጣቶች ሁሉ ይህ ልጅ ያደረገው ነገር ቢበቃን ብዬ ተመኘሁ፤ የተጣራውን በብዕር፣ ያልተጣራውን በእርሳስ፣ የማናውቀውን ደግሞ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ። ያን ማታ ያን አንድ ቃል ተናግሬው ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ ያለ ጥፋቱ ባልተሳቀበት ነበር።